ሐሙስ የታጠበ ጸጉር

ሐሙስ ሐሙስ በሚሽራ ቤት ሰገነት ላይ ልብስ አይሰጣም ነበር። በሌላው ቀን ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሞላል፤ የሽማግሌው ነጭ ሽርጥ፣ የእናትየው ሳሪ፣ የማንጃሪ ረጃጅም ሻሾች። ሐሙስ ግን ባዶውን ይውላል። በዚያ ቀን በዚያ ቤት ልብስ አይታጠብም፣ ወለል አይወለወልም፣ ሴቶቹም ጸጉራቸውን ውሃ አያስነኩም። ጨው አይቀመስም። የሚበላው አንዴ ብቻ፣ ያውም ቢጫ ምግብ ነው። ሙዝ ቢጫ ቢሆንም አይነካም፤ ሐሙስ ዕለት ሙዝ ይሰገድለታል እንጂ አይላጥም።

ብሪጄሽ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከመንገዱ ማዶ ካለው ከራሱ ሰገነት ሆኖ ነው። በባርሃጅ ከተማ የሥነ ሕይወት መምህር ነው፤ አንድን ነገር ሳይቸኩል ደጋግሞ የማየት ልማድ አለው። ለተማሪዎቹ ቅጠል ያስይዝና መጀመሪያ ያያችሁትን ተናገሩ፣ የገመታችሁትን በኋላ ትነግሩኛላችሁ ይላቸዋል። እሱ ግን ያየውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ያየው ደግሞ ይህ ነበር፤ ሳምንቱ የሚጀምርለት ያ ገመድ ባዶ በሚሆንበት ጠዋት ነው።

ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው ዕቃ የጫነ ብስክሌት በጭንቅ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ነው። ሌላው ርቀት በዓይን አይታይም። ሚሽራዎች ብራህሚን ናቸው፤ ከዘር ሁሉ በላይ የሚቆጠረው የካህናት ወገን። የብሪጄሽ ወገኖች አበባ ጎንጓኞች ናቸው፤ እናቱ ዛሬም በሳርዩ ወንዝ ዳር ባለው ቤተ መቅደስ በር ላይ ተቀምጣ ቢጫ አበባ በክር ትሰካለች። ሽማግሌው ሚሽራ ከእጇ ጉንጉን ገዝቶ በአምላኩ አንገት ላይ ያጠልቃል። ከዚያው እጅ ግን ውሃ ተቀብሎ አይጠጣም። በዚህ የሚከፋ ሰው አይታይም ነበር፤ እንደ ወንዙ ሁሉ፣ ሲወለዱ ያገኙት ነገር ነው።

የሚሽራ ሴቶች ያንን መንገድ የሚሻገሩበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ የሙዝ ተክል። የእነሱ ደርቋል። በሰፈሩ የቀረው በብሪጄሽ ግቢ ውስጥ፣ ከውሃ ፓምፑ አጠገብ ያለው ነው። የብሪጄሽ ሚስት ሬኑካ ነበረች የተከለችው፤ ሙሽራ ሆና በገባች በሳምንቱ።

ሬኑካ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗል። በዚያ ክረምት ትኩሳቱ መጀመሪያ የያዘው ብሪጄሽን ነበር። እሱ ራሱን ስቶ ሲቃዥ፣ ሬኑካ ሙዙ ሥር ተንበርክካ ባሌን አትርፍልኝ፣ አሥራ ስድስት ሐሙስ እጾማለሁ ብላ ተሳለች። ብሪጄሽ ዳነ። ጾሟ ሊያልቅ ሁለት ሐሙስ ሲቀረው ያው ትኩሳት እሷን ያዛት፤ አልተነሣችም። ሰፈሩ አንድ ነገር አለ፤ ሕይወት ተለዋወጡ። ብሪጄሽ ይህን በገዛ ጆሮው ሰምቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ትርፍ ሰው ሆኖ ኖረ፤ የሚበላው፣ የሚተነፍሰው፣ የሚስቀው ሁሉ ከሌላ ሰው የተወሰደ መሰለው።

እናቱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሙዙን ታነጋግረው ጀመር። ጠዋት አበባዋን ይዛ ከመውጣቷ በፊት አጠገቡ ቁጢጥ ትልና የቤቱን ወሬ ታወራለታለች። ዘይት ተወደደ፣ ባልሽ ትናንት እራቱን ሳይጨርስ ተኛ፣ የማዶዋ ላም ወለደች። የምትጠራው «ምራቴ» እያለች ነው። የሰፈሩ ሴቶች ይህን ካዩና ከሰሙ በኋላ አንድ በአንድ ቀሩ። ስለቷን ሳትጨርስ የሞተች ሴት የተከለችው ተክል ጥሩ አይደለም ተባለ። ሁሉም ወደ ቤተ መቅደሱ ሙዝ ዞሩ።

ማንጃሪ ብቻ አልቀረችም።

የሽማግሌው ሚሽራ ልጅ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ታስጠናለች። በየሐሙሱ ፀሐይ ሳትወጣ ቢጫ ሳሪዋን ለብሳ ትመጣለች። ከቤቷ ቀድታ ያመጣችው ውሃ በነሐስ ማሰሮ፣ የሽምብራ ክክና የሸንኮራ ስኳር በሳህን። ውሃው ውስጥ እርድ ትበጠብጥና ሥሩ ላይ ታፈሳለች። በቅቤ የሚነደውን ትንሽ የሸክላ መብራት ትለኩሳለች። ከዚያ ክኩን በመዳፏ ጨብጣ የሐሙስን ጾም ታሪክ በለሆሳስ ታነባለች። ብሪጄሽ በረንዳው ላይ የተማሪ ደብተር ያርማል። ሰላምታቸው ሁልጊዜ ያው ነው፤ እንደምን አደሩ መምህር፤ ደህና፣ እርስዎስ። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ግቢ ከዚህ የራቀ ቃል አልተለዋወጡም። ግን መብራቱን ስትለኩስ ነፋስ ካለ፣ እሱ ብድግ ብሎ በነፋሱ በኩል ይቆማል። እሷ ቀና ትልና መልሳ ታቀረቅራለች።

ሁሉን ጨርሳ ስትነሣ ከኋላዋ፣ ከፓምፑ በኩል፣ የመስታወት አምባር ሲንኳኳ ይሰማታል። አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። ሬኑካ ውሃ ስትስብ እንደዚያ ነበር የሚሰማው። ማንጃሪ ዞራ አይታ አታውቅም።

ብርዱ በገባበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ ማሰሮዋን ባዶ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ፓምፑ ሄዳ እጀታውን ጨብጣ ቀዳች። ሙዙን ካጠጣች በኋላ እርድ ያልነካውን ጥቂት ውሃ በመዳፏ አድርጋ ጠጣችው።

ብሪጄሽ ቀይ እስክሪብቶውን እንዳነሣ ቀረ። ማንጃሪ አየችው፤ በዚያ ቀን ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ አልነበረችም።

«የእናንተ ውሃ ይቀዘቅዛል» አለች።

«ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ነው» አለ።

በዚያ ዕለት ከታረሙት ደብተሮች የወደቀ ተማሪ አልተገኘም።

❖

በሚቀጥለው ሐሙስ ማንጃሪ ማሰሮዋን አንሥታ ልትወጣ ስትል ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው የወንድ ድምፅ ነበር። ስሙን ሲናገር ግን አወቀችው፤ የእህቷ የቫሱዳ ባል ነው።

ቫሱዳ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከዝቅተኛ ዘር ከሆነ የአውቶቡስ ሹፌር ጋር ጠፍታ ካንፑር ከተማ ገብታለች። በዚያው ሳምንት አባቷ እንደ እሱ ያሉ አባቶች የሚያደርጉትን አደረገ። ከሣር የልጅ ቅርጽ አሠርቶ እንደ ሬሳ ወንዝ ዳር አቃጠለ፤ ራሱን ተላጨ፤ ለካህናት ድግስ አበላ። ለጠየቀው ሁሉ የሞተች ልጅ አለችኝ፣ የኮበለለች ግን የለችኝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ስሟ አልተጠራም።

ሹፌሩ በአጭሩ ነገራት። ቫሱዳ ለሳምንት ያህል ታማ ትናንት ማታ ሆስፒታል ውስጥ አርፋለች። ለማንም ካልሆነ ለአንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው አለ። ሁልጊዜ ሐሙስ ጠዋት ሻይ ስታፈላ፣ አሁን እህቴ ሙዙን እያጠጣች ነው ትል ነበር አለ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

ዘመድ መሞቱን የሰማ ሰው ራሱን ይታጠባል፤ የሐዘኑ ቀናት እስኪያልፉም ወደ አምልኮ አይቀርብም። ይህ ደንብ ከሐሙስ ይበልጣል። ማንጃሪ ማሰሮውን ቦታው መልሳ ወደ መታጠቢያው ገባችና ውሃውን በባልዲ ከራሷ ላይ አወረደችው። ለብሳው የነበረውን ቢጫ ሳሪ አጠበችው። ሰገነቱ ላይ ወጥታ ሰጣችው። ጸጉሯን ፈታ ፀሐይ ላይ ቆመች፤ እዚያ ነው ያለቀሰችው፤ ድምፅ ሳታሰማ።

ስትወርድ አባቷ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። የዴኦሪያ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሰውን ሲጠይቅ አሁንም ቃል የሚቀበል ይመስላል።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አላት።

«ሐሙስ ነው አባባ።»

«ታዲያ ጸጉርሽ?»

«ቫሱዳ ሞተች።»

ሽማግሌው ጋዜጣውን በአራት አጠፈው። ቫሱዳ የሞተችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው አለ። እኔ ራሴ ነኝ ያቃጠልኳት፣ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አይሞትም፤ ግቢና ጸጉርሽን አድርቂ፣ ሰው ሳያይሽ።

«እርስዎ ያቃጠሉት ሣር ነው» አለችው ማንጃሪ።

እናቷ በወጥ ቤቱ በር ላይ ሩዝ ትለቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ቃል ያልወጣት ሴት ናት። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። በባሏ ፊት አልፋ ወደ ግቢው ፓምፕ ሄደች፤ ባልዲውን ሞላች፤ ከነሳሪዋ፣ ከነነጠላ ጫማዋ፣ ራሷ ላይ አፈሰሰችው። ደግማ ሞላችና ደግማ አፈሰሰች። ሽበቷ ተፈትቶ ፊቷ ላይ ተለጠፈ።

«የወለድኳት እኔ ነኝ» አለች።

ውሃው በጡቡ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ የሽማግሌውን እግር አራሰው። ሽማግሌው እግሩን አላነሣም፤ ብርዱም የተሰማው አይመስልም።

❖

ብሪጄሽ ከሰገነቱ ያየው እርጥብ ጸጉርና ገመዱ ላይ የተሰጣ ቢጫ ሳሪ ነበር። ሐሙስ ዕለት። ለተማሪዎቹ የሚነግራቸውን ለራሱ ረሳው፤ ካየው ላይ ሳይቆም በቀጥታ ወደገመተው ሄደ። የእነ ብሪጄሽን ውሃ መጠጣቷ ታውቆባታል። የተበከለ ሰው እንደሚነጻ አነጿት። እሷም እሺ አለች። ጾሙንም ተወችው፤ ካልተወችው ሐሙስ ዕለት ጸጉሯን ለምን ታጥባለች?

እናቱም ከበሩ ላይ ሆና አይታለች። ባለፈው ሳምንት በፓምፑ ላይ የሆነውንም እንዳላየች አልፋው ነበር እንጂ አይታለች።

«የእኛን ውሃ ከራሷ ላይ ማጠቧ ነው» አለች። «ድሮስ? እነሱ የሚወዱት አበባችንን ነው።»

እናቱ ቀጠለች። ዴኦሪያ ያለው አጎቱ ከወራት በፊት አንዲት ልጅ አይቶለታል፤ የጎንጓኝ ልጅ፣ ጸባየኛ፣ ውሃችንን ጠጥታ የማትታጠብ። አንተ የምታየው ግድግዳ ሲፈርስ እኔ ሞቼ ይሆናል፤ የልጅ ልጅ ሳላይ ልትገድለኝ ነው ወይ፤ ምራቴ እንኳ ብትጠየቅ እሺ ትላለች አለች። ይህን ሁሉ ስትል እጇ አበባ መሰካቱን አላቆመም።

«እንዳሻሽ አድርጊ» አላት።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ለዚህ ጥያቄ እምቢ ያላለበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። እናቱ ግን አልተደሰተችም። ልጇ እንዲህ ያለውን ቃል በዚህ ድምፅ ሲናገር የሰማችው ሬኑካ የሞተች ዕለት ነው፤ ሬሳዋን መቼ እናቃጥል ሲሉት።

በሳምንቱ ረቡዕ ማታ ብሪጄሽ የግቢውን በር ቀረቀረው። ሦስት ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ክፍት ያድር የነበረ በር ነው። መቀርቀሪያው ዝጎ ስለነበር በድንጋይ መታው። ዞር ሲል የሙዙ ቅጠል፣ ነፋስ በሌለበት፣ አንዴ ከፍ ብሎ ሲወርድ ያየ መሰለው። የገዛ ቤቱ ግቢ ሆኖ ሳለ ፈራ።

❖

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የሐዘኑ ቀናት አልፈዋል፤ ማንጃሪ ነበረች። በአንድ እጇ ማሰሮውን፣ በሌላው የተጠቀለለ ቢጫ ጨርቅ ይዛለች። የከፈተችላት የብሪጄሽ እናት ናት። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ግን ነገሩ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው አለችና እሑድ እንግዳ እንደሚመጣባቸው፣ ለልጇ ሚስት እንዳገኙለት፣ በሩ ላይ እንደቆመች ነገረቻት።

ማንጃሪ ማሰሮውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች።

«ደስ ይላል እማማ። እኔም የመጣሁት ጾሙን ልዘጋ ነው። ከዛሬ በኋላ አላስቸግራችሁም።»

ጾም ሲዘጋ ቢጫ ጨርቅና ሽምብራ ለካህን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ያች ሴት ከስለቷ ነፃ ናት። በጥቅሉ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። ብሪጄሽ በረንዳው ላይ ቆሞ ሰምቷታል።

«ያለፈው ሐሙስ የዘጉት መስሎኝ ነበር» አለ። «ጸጉርዎን አይቻለሁ።»

«አዩት?»

«ውሃችንን ከራስዎ ላይ ሲያጥቡ አየሁ።»

የሚለውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት ፊቷ ላይ የታየው ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«ቫሱዳ ሞታብኝ ነው» አለች። «በቤታችን ስሟን ጠርቶ ማልቀስ አይቻልም። የቀረኝ መታጠብ ብቻ ነው።»

ብሪጄሽ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ቫሱዳን ያስታውሳታል፤ በልጅነታቸው ነፋስ የወሰደበትን የወረቀት ካይት ከሚሽራ ሰገነት ላይ የምትመልስለት ልጅ ነበረች። እናቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ማንጃሪ ግን አልጨረሰችም ነበር። ወደ ሙዙ ሄዳ ማሰሮውን አስቀመጠችና ፊቷን ሳትመልስ መናገር ጀመረች። ይህ ጾም የእሷ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ሬኑካ በታመመችበት በመጨረሻው ጠዋት ልትጠይቃት ገብታ ነበር። ሬኑካ እጇን ይዛ፣ ሁለት ሐሙስ ቀርቶኛል፣ ጨርሺልኝ አለቻት። ጨረሰችላት። በሦስተኛው ሐሙስ መምጣት አልነበረባትም፤ መጣች። ማንም ስላልጠየቃት መምጣቷን ቀጠለች።

«በእሷ ስም ነበር ስለ እርስዎ ዕድሜ የምለምነው» አለች። «መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ስሟን መጥራት ተውኩ። ልመናው ያው ነው፤ ለማኟ ተቀየረች። የአደራ ልብስን እንደ ራስ ልብስ መልበስ ማለት ነው። እሺ እሱ ይሁን። ከዚያ ውሃችሁን ጠጣሁ። በሳምንቱ እህቴ ሞተች። ሬኑካ ዋጋዋን ወሰደች፣ መምህር። ካልዘጋሁት የሚቀጥለው እርስዎ ነዎት።»

ብሪጄሽ የማሰሮውን ጥላ አየ።

«እኔንም ተለዋወጡ ብለውኛል» አለ። «ሥራዬ ትንኝ ትኩሳት እንደሚያስተላልፍ ማስተማር ነው። አስተምራለሁ፤ ቤት ስገባ ግን የማምነው የሰፈሩን ወሬ ነው። ሦስት ዓመት አምኜዋለሁ። አሁን ከአንቺ አፍ ስሰማው ነው ውሸት መሆኑ የታየኝ።» አንቺ ማለቱን አላስተዋለም። «ሬኑካን ታውቂያታለሽ። ከሻይዋ ወተት ቀንሳ ለጎረቤት ድመት የምትሰጥ ሴት ነበረች። እህትሽን ትወስዳለች?»



ብሪጄሽ ተነሥቶ ወደ ሙዙ መጣና እጁን ግንዱ ላይ አደረገ። «ይሄ እሷ የተከለችው አይደለም» አላት። «ሙዝ አንዴ አፍርቶ ይሞታል። የእሷ ግንድ በሞተችበት ዓመት አፈራ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይሄኛው ከሥሩ የወጣ ቡቃያ ነው። ቁመቱ ከጉልበት በታች ሳለ ጀምሮ ያጠጣሽው አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«ሥሩ የእሷ ነው። ግንዱ ያንቺ።»

ማንጃሪ አለቀሰች፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ አውጥታ። ሲበርድላት ወደ እናትየው ዞረች። እማማ፣ የሚያነጋግሯት እርስዎ ነዎት፤ ይጠይቁልኝ አለቻት።

እናትየው የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«በሕይወት እያለች አንድ ስላት አሥር ነበር የምትመልስልኝ» አለች። «ሦስት ዓመት አወራኋት፣ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም። እምቢ ብትል ኖሮ፣ ልጄ፣ ያችን ሴት ሞት አፏን አይዘጋውም ነበር።»

ብሪጄሽ ሳቀ። ሳይዘጋጅ ስለሳቀ ሳል ያዘው። ማንጃሪም እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ አለች።

ጾሙን በዚያው ጠዋት ሦስት ሆነው ዘጉት። ማንጃሪ ውሃውን ከፓምፑ ቀዳች፤ መብራቱን ስትለኩስ ብሪጄሽ በነፋሱ በኩል ቆመ። ታሪኩን ስታነብ ክኩን ሦስቱም በመዳፋቸው ያዙ። በመጀመሪያ የሬኑካን ስም ጠራች፤ ቀጥላ የራሷን። ለካህን የሚሰጠውን ቢጫ ጨርቅ አበባ ጎንጓኟ ትከሻ ላይ አደረገችው። እናትየው ለመቀበል ፈርታ ወደኋላ ብትልም ማንጃሪ አለቀቀቻትም።

ካጎነበሰችበት ስትነሣ ከፓምፑ በኩል የመስታወት አምባር ተንኳኳ። አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ።

የእናትየው እጅ ባሏ ከሞተ ወዲህ አምባር አጥልቆ አያውቅም። ማንጃሪ የራሷን አምባሮች ለእህቷ ሐዘን አውልቃለች። ቀና ብላ ብሪጄሽን አየችው፤ እሱም ወደ ፓምፑ እያየ ነበር።

«ትሰማታለህ?» አለችው።

«ሁልጊዜ።»

«ፈርቼ ነበር፣ እኔ ብቻ የምሰማት መስሎኝ።»

«አትሄድም» አላት ብሪጄሽ። «ልንገርሽ ብዬ ነው። ከእኔ ጋር መኖር ከእሷም ጋር መኖር ነው።»

«ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ» አለች ማንጃሪ። «አብረን እንፍራት።»

ፀሐይዋ በግድግዳው ላይ ወጥታ ሦስቱንም ነካቻቸው። ማንም ለመሄድ አልቸኮለም። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው እንደሚጎድል፣ አንድም ሰው እንዳልጎደለ፣ ሁለቱም እኩል ይሰማቸው ነበር።

❖

የብሪጄሽ እናት ያን ዕለት ለዴኦሪያው አጎት ደወለች። አጎትየው ጮኸ፤ አሳፈራችሁኝ አለ፤ ከዚያም ለሙሽራዪቱ ቤተሰብ የሚናገረውን እንድትነግረው ጠየቃት። እውነቱን ንገራቸው አለችው፤ ልጄ ልቡ ከቤቱ ፊት ለፊት ነው ያለው በላቸው።

ለአባቷ የነገረችው ማንጃሪ ራሷ ናት። ሽማግሌው አልተሳደበም፣ አልመታትም፤ ጋዜጣውን አንሥቶ ወጣ። የእሷንም ሬሳ ከሣር አሠርቶ ያቃጥል ይሆን ብላ ጠበቀች። እናቷ በዚያ ሳምንት የቫሱዳን ፎቶግራፍ ከሳጥን ሥር አውጥታ ምግብ የሚበሉበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሽማግሌው ፊቱን ወደዚያ አያዞርም ነበር፤ ግን አላወረደውም።

በባርሃጅ ሁለቱን ለማጋባት እሺ የሚል ካህን አልተገኘም። ስለዚህ ወደ ዴኦሪያ ሄደው በመንግሥት መዝገብ ለመጋባት አመለከቱ። ሕጉ እንደሚያዘው የሁለቱ ስም፣ አድራሻና የአባቶቻቸው ስም ያለበት ማስታወቂያ በቢሮው ሰሌዳ ላይ ለአንድ ወር ይለጠፋል። መቃወም የፈለገ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይቃወማል፤ ተቃውሞ ከቀረበ ነገሩ ይንጠለጠላል፤ ስንቱ ጋብቻ በዚያው ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ሚሽራ እንዲህ ያለውን ተቃውሞ በሥራ ዘመኑ ለብዙ አባቶች ጽፎላቸዋል። ቃላቱን በቃሉ ያውቃቸዋል። ጡረታ ከወጣም በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በአውቶቡስ ዴኦሪያ እየሄደ ከድሮ ባልደረቦቹ ጋር ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ የሚሸጠው ደግሞ ከሰሌዳው ሥር ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ ሰሞን መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። የገዛ ስሙ ጋ ሲደርስ ቆሞ ቆየ። አንዱ ባልደረባው ወረቀት ላምጣልህ ወይ አለው። ሻይ አምጣልኝ አለው።

ማታ ማታ ማንጃሪ እራት ታቀርብለታለች። ይበላል። አያናግራትም። ከማዶ ብሪጄሽ ሰገነቱ ላይ ቆሞ የቤቱን መብራት ያያል፤ ሽማግሌው በሚቀጥለው ቀን አውቶቡስ ይሳፈር አይሳፈር ማንም አያውቅም። አንድ ቀን እናቷ እራት ላይ ቫሱዳ ሩዝ በእርጎ ትወድ ነበር አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለሳህኑ። ሽማግሌው ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ አቆመ። ከዚያ ጎረሰው።

ማስታወቂያው ሠላሳ ቀን በሰሌዳው ላይ ቆየ። በሠላሳኛው ቀን ቢሮው ሲዘጋ የቀረበ ተቃውሞ አልነበረም።